«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ»፦ ባለቤቶቹ ሳያውቁ የተቀናበረ ዘፈን

«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ» ፖል ሳይመን ደርሶት ከአብሮ አደጉ ከአርት ጋርፈንክል ጋር ያዜመው የአሜሪካ ፎክ ሮክ (የባህላዊ ዘፈንና የሮክ ቅልቅል) ዘፈን ነው። ዓለም የሚያውቀው ቅጂ ግን ሁለቱም በሌሉበት፣ ሳይጠየቁ የተሠራ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሳይመን ዘፈኑን የጻፈው በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ነው። ኩዊንስ፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው የወላጆቹ ቤት ጊታሩን ይዞ መታጠቢያ ክፍል የመግባት ልማድ ነበረው፤ የግድግዳው ሴራሚክ ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ ይመልስለታል። መብራቱን ያጠፋል፣ ቧንቧውን ከፍቶ ውሃው እየፈሰሰ ይጫወታል። ግጥሙ ጨለማን እንደ ቆየ ወዳጅ ሰላም ብሎ የሚጀምረው እንዲያው ለማሳመር አይደለም። ዘፈኑ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ጋር አዘውትሮ ይያያዛል፤ ጋርፈንክል ግን መድረክ ላይ ሲያስተዋውቀው ስለ ሰዎች መግባባት አለመቻል የተጻፈ ነው ይል ነበር።

በማርች 1964 ለኮሎምቢያ ሪከርድስ ሲቀዳ የነበረው አንድ ቦክስ ጊታርና ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ፕሮዲውሰሩ ቶም ዊልሰን ነበር፤ በሃርቫርድ የተማረ፣ ከጃዝ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ። ዘፈኑ የተካተተበት አልበም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወጣና ገዢ አጣ። ሳይመን ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፣ ጋርፈንክል ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፤ ጥምረቱ አበቃለት።

በ1965 የፀደይ ወራት ግን በቦስተንና በፍሎሪዳ ያሉ የሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኑን ያሰሙ ጀመር፤ ኮሌጅ ተማሪዎችም ወደዱት። ያኔ በርድስ የተባለው ባንድ የቦብ ዲላንን ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውቶ ገበያውን አድርቶት ነበር። ዊልሰን ነገሩ ገባው። ጁን 15 ቀን የዲላንን «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» ሲቀዳ ዋለና፣ ሙዚቀኞች ሰብስቦ በአሮጌው ቅጂ ላይ ሊድ ጊታር፣ ቤዝና ድራም አስደረበበት። ሥራው ቀላል አልነበረም። ሁለቱ ልጆች ሲዘፍኑ ምት የሚጠብቅላቸው ስላልነበረ ፍጥነታቸው ወጣ ገባ ይላል፤ ቦቢ ግሬግ ድራሙን ከእነሱ እኩል ማስኬድ ነበረበት። በጆሮ ማዳመጫ ልብ ብሎ ለሰማው፣ ምቱ ድምፃቸውን ሲጠብቅ ይታወቃል።

ነጠላ ሸክላው በሴፕቴምበር ወጣ። ሳይመን ዘፈኑ የተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ውስጥ መግባቱን የሰማው ዴንማርክ ሳለ ነው፤ አዲሱን ቅንብር ሲያዳምጥም ክው ማለቱን በቅርብ ያዩት ተናግረዋል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1966 ዘፈኑ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ሁለቱ ተጠራርተው በጥድፊያ አዲስ አልበም ሠሩ፤ ዊልሰን ግን ያኔ ኩባንያውን ለቆ ነበር። ከዘፈኑ ዝና ለእሱ የደረሰው ድርሻ ከሚገባው በታች ይመስለኛል።

በ1967 ዳይሬክተሩ ማይክ ኒኮልስ «ዘ ግራጁዌት» በተባለው ፊልሙ ሲጠቀምበት አዲስ ትውልድ አገኘ፤ የፊልሙ መዝጊያ የአውቶቡስ ትዕይንት ያለ እሱ አይታሰብም። በ2011 የሴፕቴምበር 11 ጥቃት አሥረኛ ዓመት ሲታሰብ ሳይመን ብቻውን በጊታር ተጫወተው። በ2015 ደግሞ ዲስተርብድ የተባለ የሄቪ ሜታል ባንድ ከባድ ጊታሩን ወደ ጎን ትቶ በፒያኖና በኦርኬስትራ አወጣው። ሳይመን በቴሌቪዥን ሲጫወቱት ካየ በኋላ አድናቆቱን በኢሜይል ጻፈላቸው።