የ90 ቀን እቅድ ምንድን ነው? ለሽያጭ ሥራ ኢንተርቪው ለምትዘጋጁ

ለሽያጭ ሥራ ኢንተርቪው ስትገቡ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ብንቀጥርህ ምን ትሠራልናለህ?» ብዙ ሰው «ጠንክሬ እሠራለሁ፣ ከሰው ጋር ቶሎ እግባባለሁ» ይላል። ከእሱ በፊት የገባውም ያለው ይህንኑ ነው።

የ90 ቀን እቅድ የዚህ ጥያቄ መልስ በጽሑፍ ነው። ከተቀጠራችሁ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት የምትሠሩትን በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ጽፋችሁ ትይዛላችሁ። የመጀመሪያው 30 ቀን መማሪያ ነው፤ ዕቃውን፣ ዋጋውን፣ የዱቤ አሰጣጡን ታጠናላችሁ። እስከ 60ኛው ቀን በራሳችሁ መዞርና አዲስ ደንበኛ ማምጣት ትጀምራላችሁ። እስከ 90ኛው ውጤቱን በቁጥር ታሳያላችሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ 10 ሳምንት ነው። ስለዚህ የሚታይ ነገር እስከ መጨረሻው ወር አታቆዩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከኢንተርኔት የተገለበጠ እቅድ ወዲያው ያስታውቃል። «ደሴ» የሚለውን አውጥታችሁ «ሐዋሳ» ብትተኩበት ምንም ካልተቀየረ፣ ገና አልጻፋችሁትም። እቅዱ የሚጻፈው በእግር ነው።

የምግብ ዘይት ለሚያከፋፍል ድርጅት ደሴ ላይ አመለከታችሁ እንበል። ከኢንተርቪው በፊት ሁለት ቀን ስጡት። ከፒያሳ ተነሱና ሃያ ሱቅ ግቡ። ባለሱቁ ሥራ ሲቀልለት ጠብቁና «ጋሼ፣ ይሄን ዘይት ማን ነው የሚያመጣላችሁ? በስንት ቀኑ? በዱቤ ነው ወይስ እጅ በእጅ?» በሉ። ወሎዬ በአክብሮት ለጠየቀው ሰው መልስ አይነፍግም። በማግስቱ ኮምቦልቻ ውረዱ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ደርሶ መልስ ያደርሳል።

ያኔ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ሌላ ይሆናል። ባቲ ገበያው ሰኞ ነው። ሰኞ ዕለት ባለሱቁ ቀና ብሎ የሚያናግራችሁ ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ «ባቲ ቅዳሜ እገባለሁ» ትላላችሁ። ዓርብ የጁምዓ ሰላት ሰዓትን ትተዋላችሁ። ጾሙንም ታሰሉታላችሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቅቤ ይቀርና ወጡ በዘይት ይሠራል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳው ይጠበሳል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ሱቅ ነው የሚገዙት። ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። የዘንድሮን ወር ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር እንዲሁ ማወዳደር ያሳስታል። ይህን የጻፈ አመልካች ገበያውን እንደሚያውቅ ማንም ሊነግርለት አያስፈልግም።

ቁጥር ላይ ተጠንቀቁ። «ሽያጩን እጥፍ አደርጋለሁ» አትበሉ፤ የአሁኑን ሽያጭ አታውቁትም። በእጃችሁ ያለውን ጻፉ፦ በቀን 15 ሱቅ እጎበኛለሁ፣ በሳምንት 3 አዲስ ሱቅ አስገባለሁ፣ ያልተከፈለ ዱቤ ያለበትን ደንበኛ በየሳምንቱ እከታተላለሁ። የሽያጭ ታርጌቱን «ከሱፐርቫይዘሬ ጋር የምወስነው» ብላችሁ ተዉት። ይህ ድክመት አይደለም፤ የሰውን ገንዘብ በጥንቃቄ የሚይዝ ሰው አነጋገር ነው።

ሦስት ኮፒ ይዛችሁ ግቡ፤ ጠያቂው አንድ ሰው ላይሆን ይችላል። ገና ስትቀመጡ አታውጡት። ያ ጥያቄ ሲመጣ ስጧቸውና «የተሳሳትኩት ካለ ብታርሙኝ ደስ ይለኛል» በሉ። አንዳቸው እስክሪብቶ አንስተው «ቅዳሜ አይሆንም፣ መኪናችን ወደ ባቲ የሚወጣው ሐሙስ ነው» ካሏችሁ፣ ጥያቄና መልሱ አብቅቶ ስለ ሥራው አብራችሁ መነጋገር ጀምራችኋል።