የሥነ ምግባር አጣብቂኝ ምንድን ነው? ከጥርስ ሐኪሙ ወንበር አጠገብ

ደህና ጥርስ ቦርቡሮና ሞልቶ ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም አጣብቂኝ ውስጥ አልገባም፤ ሌብነት ውስጥ ነው የገባው። ከዚህ የጀመርሁት ሁለቱ በየጊዜው ስለሚምታቱ ነው። አጣብቂኝ የሚባለው ሐኪሙ ሁለት ግዴታ ኖሮበት፣ ሁለቱም ተገቢ ሆነው ሳለ፣ አንዱን ሲወጣ ሌላውን ማጉደሉ የማይቀርበት ሁኔታ ነው። ክፉና ደግ ቢጋጩ መምረጡ ባልከበደ ነበር።

የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ አምስት መርሆዎች አሉት፦ የታካሚውን በራሱ የመወሰን መብት ማክበር፣ አለመጉዳት፣ መጥቀም፣ ፍትሐዊ መሆንና እውነት መናገር። በወረቀት ላይ አምስቱ ወንድማማች ይመስላሉ። የሚጣሉት ወንበሩ ላይ ሰው ሲቀመጥ ነው።

ወደ ስምጥ ሸለቆ እንውረድ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ሊኖር የሚገባው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ግን ፍሎራይዳቸው ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ ከድድ ሥር ገና በሚሠራበት ዕድሜ፣ በግምት እስከ ስምንት ዓመት ድረስ፣ ይህን ውኃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ያለው ከጥርሱ ውስጥ ስለሆነ በመፋቂያም በጥርስ ሳሙናም አይለቅም።

እንግዲህ ከዚያ አካባቢ አንዲት የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት መጣች እንበል። ሠርጓ አንድ ወር ቀርቶታል። ስትስቅ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ታደርጋለች፤ ልማድ ሆኖባት ማድረጓንም አታውቀውም። «ዶክተር፣ የፊቶቹን ስድስቱን ይሞርዱልኝና ነጭ ያልብሱልኝ» ትላለች። ሐኪሙ በመስተዋቱ እጀታ አንድ በአንድ መታ መታ ያደርጋቸዋል። አንዱም አያማትም። አልተቦረቦሩም፤ ድዷም ጤናማ ነው። ከቀለማቸው በቀር ምንም አልጎደላቸውም።

ጥርስን ሙሉ በሙሉ ለማልበስ ከድድ በላይ ካለው አካሉ ከግማሽ የሚበልጠው ይሞረዳል። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ እንደ ጥፍር አያድግም። ከተሞረዱት አንዳንዶቹ ውለው አድረው ነርቫቸው ይሞታል። የለበሰውም ዕድሜ ልክ አይቆይም፤ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመት አገልግሎ ይቀየራል። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አያት እስክትሆን ስንት ጊዜ እንደሚቀየር አስሉት። «አትጉዳ» የሚለው መርሕ በግልጽ አይሆንም ይላል።

ነገር ግን አፉ የእርሷ ነው። ሳቋን ስትሸፍን የኖረችው እርሷ ናት። «ጥርስሽ ጤነኛ ነው፣ ሂጂ» ማለት ለሐኪሙ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ይህን መልስ ከጭካኔ እቆጥረዋለሁ። እምቢ ቢላት ደግሞ አንድ መንገድ ተሻግራ ሳይጠይቅ የሚሞርድላት አታጣም።

መካከለኛ መንገድ አለ። ላይ ላዩን በአሲድና በማሻሻ ማጽዳት፣ ማንጣት፣ ካስፈለገም በስሱ በሙሌት መሸፈን ይቻላል። ምልልስ ይጠይቃል፤ ውጤቱም እንደ ወተት ነጭ አይሆንም። ለሐኪሙ የሚያስገባው ገንዘብም ያነሰ ነው። እዚህ ላይ ሙያው ራሱ የተሸከመው ጣጣ ይታያል፦ ምክሩም ሽያጩም ከአንድ አፍ ይወጣሉ፤ ታካሚዋ ደግሞ የራሷን አፍ ውስጥ አይታ ማመሳከር አትችልም። ስለዚህ አማራጮቹን ሁሉ፣ ዋጋቸውንና መዘዛቸውን ጭምር፣ በሚገባት ቋንቋ ሳይነግሩ «ተስማምታለች» ማለት አይቻልም። ወረቀት ላይ ማስፈረም ብቻውን ስምምነት አይደለም።

የአንድ የቀን ሠራተኛ ጉዳይ ከዚህ ያጥራል። የመንጋጋ ጥርሱ በሥር ሕክምና ይድናል፤ እርሱ ግን የምልልሱም የክፍያውም አቅም ስለሌለው «ይንቀሉልኝ» ይላል። የሚድን ጥርስ መንቀል ሐኪሙን ያንገበግበዋል። እኔ ብሆን ሁሉን አስረድቼ፣ «አስቤበት ልመለስ» እንዲል ፋታ ሰጥቼ፣ ካልሆነ በደንብ አደንዝዤ እነቅላለሁ። ሕመሙን አስታቅፎ መመለስ አለመጉዳት አይደለምና።

ሕፃኗን አዝላ «ግግ ይውጣላት» የምትል እናትስ? ይህ አጣብቂኝ ይመስላል እንጂ አይደለም። ያበጠ የመሰላት ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው፤ ተቅማጡና ትኩሳቱ ሌላ ምክንያት አላቸውና መታከም ያለበት እርሱ ነው። አይነካም፣ አለቀ። አስቸጋሪው አነጋገሩ ነው፤ ከተቆጧት በጋለ ሽቦ ወደሚያወጣላት ሰው ትሄዳለች።

ወደ ሙሽራዋ ልመለስ። ሁሉ ከተነገራት በኋላ ብዙ ታካሚ የሚጠይቀውን ትጠይቃለች፦ «እህትዎ ብሆን ምን ያደርጉ ነበር?» ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ በተግባር ግን የመወሰን መብቷን አጣጥፋ መልሳ ለሐኪሙ መስጠቷ ነው። ዝም ቢል ጨካኝ ይሆናል፤ ቢመልስ ወሰነላት። እኔ የማውቀው ጥሩ ሐኪም እንዲህ ሲጠየቅ ወንበሩን ቀና አድርጎ ያስቀምጥና ከመልሱ በፊት «እስኪ መጀመሪያ አንዱን ጥርስ ብቻ አጽድተን በመስተዋት እንየው» ይላል።