ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ የማጨስ ክልከላና የጅማ አጫሽ

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው። ብዙ ወጣቶች «ቬፕ» ይሉታል። ውስጡ የሚግል የሽቦ ጥቅልልና ፈሳሽ መያዣ አለው። አጫሹ ሲስብ ሽቦው ይግላል፣ ፈሳሹም ወደ ጉም ይለወጣል። ፈሳሹ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ኒኮቲን ነው። እሳት የለም፣ አመድ የለም። ትምባሆ ስለማይቃጠል የሲጋራ ጭስ ዋና መርዞች የሆኑት ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ አይኖሩም ወይም እጅግ ይቀንሳሉ። ኒኮቲኑ ግን አለ። ሱስ የሚያስይዘው ደግሞ እሱ ነው።

የዛሬውን ዓይነት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። እሱም አጫሽ ነበር፤ አባቱን የነጠቀው የሳንባ ካንሰር ነው። መሣሪያው ገበያ ላይ የዋለው ክልከላ በየአገሩ በሚስፋፋበት ሰሞን ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2004 መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ በሥራ ቦታዎች ማጨስን ከለከለች። እንግሊዝ በ2007 ተከተለች። በብርድ ደጅ መቆም የሰለቸው አጫሽ ቬፑን ከኪሱ አወጣ። ያኔ የእንግሊዝ ሕግ የከለከለው የሚቃጠል ነገር ማጨስን ስለሆነ፣ ቬፕ ከሕጉ ውጭ ቀረ። ማጨስ በተከለከለበት ቦታ እንደ አማራጭ የታየውም ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ታሪኩ ሌላ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው የቤት ውስጥ ቦታዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስን ከለከለ። ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስም አይቻልም። ትምባሆ መግዛት የሚቻለው ከ21 ዓመት ጀምሮ ነው። ይኸው አዋጅ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና የሺሻን ሽያጭ አብሮ ከለከለ። ሌላ ቦታ ክልከላውን ማለፊያ የሆነው ዕቃ እዚህ ራሱ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ጅማ ውስጥ ቬፕ የያዘ ሰው እዚህ አገር ካለ ሕጋዊ ሱቅ ገዝቶት ሊሆን አይችልም።

10 ሜትር የምትለዋን ነገር ጅማ ላይ ሆናችሁ አስቧት። ጅማ የቡና አገር ነች። ጀበና ቡናው የሚፈላው ብዙ ጊዜ በር ላይ ነው፤ በርጩማው ደፍ ላይ፣ ጠጪው መንገድ ዳር። በሕጉ መሠረት እዚያ ሲጋራ መለኮስ አይቻልም። ሕጉ በዋናነት የሚጠብቀውም ቡና የምታፈላዋን ልጅ ነው። ደንበኛው አንድ ሲኒ ጠጥቶ ይሄዳል፣ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ የማያጨሱ ሰዎች በሌሎች ጭስ ምክንያት ይሞታሉ።

ጅማ ላይ ትልቁ ጉዳይ ግን ጫት ነው። ሲጋራው ከጫቱ ጋር ተጋብቷል። በርጫው ይጀመራል፣ ምርቃናው ሲመጣ እጅ ሲጋራ ይፈልጋል። ማታ ጨብሲው ሲከተል ደግሞ ይደገማል። ሱቅ በደረቴው በፍሬ ስለሚሸጥ ፓኮ መግዛት እንኳ አያስፈልግም። «ጫት ካልቃምኩ አላጨስም» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ግን በየቀኑ ይቅማል። በገጠሩ ደግሞ ከሲጋራ በፊት የነበረው ጋያ አለ፤ በውኃ ውስጥ የሚሳብ ትምባሆ ነው። ውኃው መርዙን ያጣራዋል የሚሉ አሉ። አያጣራውም።

ታዲያ ቬፕ ለዚህ አጫሽ ይጠቅመው ነበር? የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ጉዳቱ ከሲጋራ 95 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው ብሏል። ቁጥሩ ብዙ ክርክር አስነስቷል። ሲጋራ ለማቆም ከኒኮቲን ማስቲካና ከሚለጠፈው ፕላስተር የተሻለ እንደሚረዳ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። በሌላ በኩል ብዙ ሰው ሲጋራውን ሳይተው ቬፑን ይደርባል። ጨርሶ አጭሰው የማያውቁ ልጆችም በጣፋጭ ጣዕሙ ተስበው ይጀምራሉ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። አገራችን ውስጥ ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት መሠረት፣ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጅማን በመሰለ የተማሪ ከተማ አዲስ የኒኮቲን በር መክፈት ያለንን ጥሩ ነገር ማባከን ነው። ለዚህ ነው ክልከላውን የምደግፈው።

ተደብቆ የሚገባው ቬፕ ሌላም ችግር አለው። ፈሳሹ ውስጥ ምን እንዳለ የሚመረምር የለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 መጀመሪያ ቬፕ ከሚጠቀሙ ሰዎች ከ2,800 በላይ የሚሆኑት በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገቡ ወይም ሞቱ፤ የሟቾቹ ቁጥር 68 ደረሰ። ዋናው ተጠርጣሪ ከመደበኛ ሱቅ ውጭ በሚሸጥ የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነበር። የቬፕ ፈሳሽ ቤት ውስጥ ላለ ሕፃንም አደጋ ነው። ልጅ ከጠጣው ይመርዘዋል።

ክልከላ ብቻውን ግን ለሱሰኛው አይደርስለትም፤ «አቁም» ከተባለ የሚያቆምበት ሊሰጠው ይገባል። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ ያሉባት ከተማ ስለሆነች ሐኪም ማማከር ከብዙ ከተሞች ይቀላል። ካቆሙ በኋላ ከባዱ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ቁጣው፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ማማሩ። አብዛኛው በ2 እና በ4 ሳምንት መካከል ይበርዳል። ጅማ ላይ እነዚያን ሳምንታት ለመዝለቅ ከበርጫውም መራቅ ያስፈልጋል፤ ምርቃና ላይ ሆኖ ሲጋራን እምቢ ማለት በጣም ከባድ ነው። የሚቅም ጓደኛ ያለውም ከአሁኑ ይንገረው፤ አጠገቡ እንዳይለኩስ፣ «አንድ ሳብ» እንዳይለው።