ብርቅ ወፍ ሲታይ ወሬው በማን በኩል ይደርሳል?

አንድ ወፍ ለወሬ የሚበቃው ብርቅዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ባልተጠበቀበት ቦታ ወይም ባልተለመደ ወቅት ሲገኝ ነው። ላሊበላ የሄደ ሰው በገደሉና በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የሚያርፉትን፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ላባ ያለባቸውን ርግቦች ሳያይ አይመለስም። እነዚህ ርግቦች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም የሉም። ከውጭ ለሚመጣ ወፍ ተመልካች ትልቅ ነገር ናቸው። ለላሊበላ ልጅ ግን የዘወትር ጎረቤት ናቸው፤ "ርግብ አየሁ" ብሎ የሚደውል የለም። በአንጻሩ በአውሮፓ ኩሬ ሁሉ የሚዋኝ ተራ ዳክዬ እንኳ፣ ሎጎ ሐይቅ ላይ ከዚህ በፊት ካልተመዘገበ ዜና ነው።

ወሎ ለእንዲህ ያለ ዜና የተመቸ አገር ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከአቡነ ዮሴፍ ውርጭ እስከ ከሚሴ አካባቢ የጨፋ ረግረግ ድረስ ይዘልቃል። በመሃል የሐይቅና የአርዲቦ ውኃ፣ የየጎፍ ደን፣ ራቅ ብሎም የቦረና ሳይንት ፓርክ አሉ። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ይጨመሩበታል። በአገሪቱ ከተመዘገቡት ከ850 በላይ ዝርያዎች ውስጥ የትኛው የት ብቅ እንደሚል አስቀድሞ መናገር ይከብዳል።

የወፍ ወሬ መቀባበል በውጭ አገር ቆየት ያለ ልማድ ነው። በእንግሊዝ በ1970ዎቹ እና በ1980ዎቹ የወሬው መናኸሪያ ናንሲ የምትባል ካፌ ነበረች፤ ክሌይ በተባለች የኖርፎክ የባሕር ዳር መንደር። ወፍ ተመልካቾች ከያሉበት ወደ ካፌዋ ይደውላሉ። ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ የሚበላው ሰው ምግቡን ትቶ ያነሳና ዛሬ ምን የት እንደታየ ይነግራቸዋል። ደዋዩም በበኩሉ ያየውን ያስመዘግባል። ካፌዋ በ1988 እ.ኤ.አ. ተዘጋች። ከዚያ በክፍያ የሚደወልባቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ፔጀር (አጭር መልእክት የሚቀበል የኪስ መሣሪያ)፣ አሁን ደግሞ የስልክ መተግበሪያ ተተካ።

ፍጥነቱ የራሱ ጣጣ አለው። በ1989 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ኬንት፣ ከአንድ የቴስኮ ሱፐርማርኬት አጠገብ፣ ከአሜሪካ አቅጣጫ ስታ የመጣች ትንሽ ወፍ ተገኘች። ወሬው በተሰማ ማግስት በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መንደሩንና የመኪና ማቆሚያውን አጥለቀለቀው። ዳቦ ሊገዛ የወጣው ሰው ምን እንዳለ መገመት ነው።

ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ኢበርድ (eBird) የተባለው የኢንተርኔት የወፍ መዝገብ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ማዕከል ከአሜሪካው ኦዱቦን ማኅበር ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ጀመረው። ተመልካቹ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ስንት እንዳየና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ይሞላል። ያየው ለአካባቢው ወይም ለወቅቱ ያልተለመደ ከሆነ መዝገቡ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ በፈቃደኝነት የሚሠራ ገምጋሚም ያየዋል። ማስጠንቀቂያ ለጠየቁ ሰዎች በየሰዓቱ ወይም በየቀኑ ኢሜይል ይደርሳቸዋል። ለወሎ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ያለ ኔትወርክ መመዝገብ መቻሉ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየው፣ ዳታ ሁልጊዜ አለ ተብሎ አይታመንም። ስልኩ ያየኸውን ይዞ ይቆይና መስመር ሲገኝ ይልካል።

እዚህ አገር ግን ፈጣኑ መንገድ አሁንም ስልክና ቴሌግራም ነው። አስጎብኚ ለአስጎብኚ ይደውላል፤ "ያቺ ወፍ ዛሬም አለች?" ይባባላሉ፤ "ሎኬሽን ላክልኝ" ይከተላል። ቅር የሚለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ወፉን መጀመሪያ ያየው እረኛ ወይም አስጋሪ ነው፤ ያደረሰው አስጎብኚው ነው፤ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን ብዙ ጊዜ የእንግዳው ስም ነው።

ነገሩን ካነሳን አይቀር፣ ወሎ ውስጥ ከማንኛውም መተግበሪያ በፊት የነበረ የወፍ ዜና መረብ አለ። የግሪሳ ወሬ ነው። ቆቦ ላይ ማሽላው ወተት ሲይዝ ልጅ አዋቂው ማማ ላይ ይወጣል፤ ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት ይጮኻል። ግሪሳ መንጋው እጅግ ብዙ ነው፤ አንድ ማደሪያ ላይ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ሊሰፍር ይችላል። ስለዚህ ዋናው ዜና "ግሪሳ መጣ" የሚለው አይደለም፤ ያንንማ ማንም ያየዋል። ዋናው ማታ የት እንደሚያድር ነው። ገበሬው ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይነግራል፤ ባለሙያው ለወረዳ፣ ወረዳው ወደ ላይ ያስተላልፋል። ማደሪያው በትክክል ከታወቀ የርጭት አውሮፕላን ሊላክ ይችላል። በ1962 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣ ሌላ የግሪሳ ርጭትም ይሠራል። ርጭቱ የሚደረገው ወፎቹ ተሰብስበው ለማደር ሲገቡ፣ አመሻሽ ላይ ነው። ቦታው ከተሳሳተ መድኃኒቱም ነዳጁም ባከነ ማለት ነው። ልክ ቢሆንም መርዙ ሌሎች ወፎችን፣ የሞተ ግሪሳ የሚለቅሙትን ጭልፊትና አሞራ ጭምር፣ ይጎዳል።

ዝርያ፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ ብዛት። የግሪሳው ሪፖርት የሚይዘው ይህንን ነው፤ ኢበርድም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በእኔ ግምት አንድ የቆቦ ገበሬ ወፍ ቆጥሮ በማሳወቅ ከብዙ የከተማ ተመልካች ይሻላል። የጎደለው እሱን የሚጠይቀው ሰው ነው።

የብርቅ ወፍ ዜና ከግሪሳው የሚለየው ማስረጃ ስለሚፈልግ ነው። ፎቶ ካለ ጥሩ። ከሌለ የድምፅ ቅጂ፣ እሱም ከሌለ የምንቃሩን፣ የእግሩን ቀለምና አበራረሩን ወዲያው በማስታወሻ መጻፍ። ማስረጃው ትንሽ ቢሆንም አይናቅም፦ በ1990 እ.ኤ.አ. በነጭ ሳር ፓርክ መንገድ ላይ ከተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ የሌሊት ወፍ ዝርያ ተለይቶ በ1995 በሳይንስ ስም ወጥቶለታል። (የሌሊት ወፍ ስል ጨለማ ወርዶ ነፍሳት የሚያድነውን ላባ ያለውን ወፍ እንጂ ጡት አጥቢዋን አይደለም።)

ወሎም ካርታ ያስቀየረ ዕይታ አላት። የአንኮበር ሴሪን የምትባል፣ ገደል አፋፍ ላይ ፍሬ የምትለቅም ቡናማ ወፍ በሳይንስ የተገለጸችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ለዓመታት ከአንኮበር አካባቢ ውጭ የትም የለችም ተብሎ ይታመን ነበር። በኋላ በሰሜን ተራሮችና በአቡነ ዮሴፍ ተገኘች። ቀድሞ አይቷት "ተራ ወፍ ናት" ብሎ ያለፈ እረኛ መኖሩ አይቀርም።

ዝም የሚባልበትም ጊዜ አለ። ጎጆ ላይ ያለ ወፍ ቦታው አይነገርም። አጥንት ከከፍታ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው ትልቁ አሞራ በገደል ላይ እንቁላል ታቅፎ ሳለ ሰው ቢጎርፍበት ጎጆውን ሊተው ይችላል። የተቀዳ ድምፅ ደጋግሞ በማጫወት ወፍ መጥራትም ያስጨንቀዋል። ኢበርድ ለንግድ የሚጠመዱ ዝርያዎችን፣ ለምሳሌ የአፍሪካን ግራጫ በቀቀን፣ ትክክለኛ ቦታ ይደብቃል። ለአስጎብኚዎቻችንም "አለ" ማለት ይበቃል፤ ሎኬሽኑ ይቆይ።

አንዳንዴ ወሬውን የሚያመጣው ወፉ ራሱ ነው። ራሰ በራው የሰሜን አይቢስ የሚባለው ወፍ ከመካከለኛው ምሥራቅ ጠፍቷል ሲባል በ2002 እ.ኤ.አ. ሶርያ ፓልሚራ አጠገብ ጥቂት ተገኙ። በ2006 የሳተላይት መሣሪያ ሲታሰርባቸው የሰሜኑን የብርድ ወራት የት እንደሚያሳልፉ ታወቀ፦ የኢትዮጵያ ደጋ። መሣሪያ የታሰረበት ወፍ ሲወድቅ ያየ ሰው ለስለላ ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል፤ ይህም የወሎ ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ሳውዲ ውስጥ ከእስራኤል ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ የታሰረበት ጥንብ አንሳ በሰላይነት ተጠርጥሮ ተይዞ ነበር።

በእግሩ የተመራማሪዎች መለያ ቀለበት ያለው ሽመላ ወይም አሞራ ያየ ሰው ሊያደርግ የሚገባው ቀላል ነው። ትልልቆቹ የፕላስቲክ ቀለበቶች በርቀት መነጽር ይነበባሉ፤ ለቁጥሩ ብሎ ወፉን መያዝ አያስፈልግም። ሞቶ ከተገኘ ቀለበቱን ጽሑፉ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ማንሳት፣ ቀኑንና ቦታውን መጻፍ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ለተመሠረተው ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወይም ቀለበቱ ላይ ለተጻፈው ተቋም መላክ ይቻላል። ተቋሙም ወፉ መቼና በየትኛው አገር ቀለበት እንደታሰረለት ለላኪው ይመልስለታል።