ደጅ መጥናት፦ ከመኳንንት ግቢ እስከ ዋሽንግተን

«ስንት ወር ደጅ ጠናሁ መሰለህ!» ይላል አንዲት ወረቀት ለማስፈረም ቀበሌ ሲመላለስ የከረመ ሰው። ገዳም የሚወርደውም «ደጅ ልጠና ነው» ይላል። አነጋገሩን ያወረሰን ግን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ግቢ ነው። ሹመት ወይም ጉልት የፈለገ ሰው ነጠላውን አደግድጎ ከጌታው ደጅ ይቆማል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጅበታል። የሚያስገባው አጋፋሪው ስለሆነ እሱንም መለማመጥ አለ። ሲገባም ባዶ እጁን አይደለም፤ እጅ መንሻ ይይዛል።

ፈረንጆቹ «ሎቢ» የሚሉትም ያው ደጅ ነው፤ ባለጉዳይ የሕዝብ ተወካዩን ጠብቆ የሚያናግርበት የምክር ቤት መተላለፊያ።

የድሮው ደጅ ጠኚ ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ ይታይ ነበር። ማን የማንን ደጅ እንደሚጠና አገር ያውቃል። የዛሬው በስልክና በእራት ግብዣ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ሕጉ ጸድቆ ስናየው ከጀርባው ማን እንደነበር አናውቅም።

አሜሪካ ለውጭ መንግሥታት የሚሠሩትን ሰዎች ተመዝገቡ ያለችው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ይህ መዝገብ እኛንም ነክቶናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤችአር 2003 የተባለው ስለ ኢትዮጵያ የወጣ የሕግ ረቂቅ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ረቂቁ ሕግ እንዳይሆን እንዲሟገትለት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለ የጠበቆች ድርጅት ቀጥሮ ነበር። ረቂቁ ሴኔቱን ሳያልፍ ቀረ። እንዲህ ያለ ተቀጣሪ ማንን እንዳነጋገረና ስንት እንደተከፈለው በየስድስት ወሩ ያስመዘግባል፤ የፈለገ ሰው ገልጦ ያነባል። በሌላ ወገን የእንደራሴዎቻቸውን ቢሮ ያንኳኩ የነበሩት የዳያስፖራ ልጆች እንደ ዜጋ መብታቸው ነው፤ መዝገብ አያስፈልጋቸውም። ልዩነቱ ደስ ይለኛል። ሕጉ ደጅ መጥናትን አልከለከለም፤ ተቀጥሮ የሚጠናው ይታይ ነው ያለው።

አጋፋሪውም አልተረሳም። በዚያው በ2007 የወጣ ሌላ ሕግ፣ ከሥልጣን የወረደ ሴናተር ለ2 ዓመት፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ደግሞ ለ1 ዓመት የቀድሞ ባልደረቦቹን ለደንበኛ ብሎ እንዳይወተውት ይከለክላል። ትናንት በር ሲከፍት የነበረ ሰው ዛሬ ቁልፉን ለገበያ እንዳያወጣው ነው።

ቀዳዳ ግን አለ። ለአገር ውስጥ ደንበኛ ከሚሠራበት ጊዜ ከ20 በመቶ በታቹን ብቻ ለውትወታ የሚያውል ሰው በአሜሪካ የሎቢስቶች ምዝገባ ሕግ ሎቢስት አይባልም። «አማካሪ» ተብሎ በጓሮ በር ይገባል፤ ስሙም መዝገብ ላይ የለም።