የኩሬ ዓሣና ከባድ ብረቶች፦ የሚወራውና እውነታው

በሰሜን ሸዋ ቆላው ላይ ኩሬ ቆፍረው ዓሣ የሚያረቡ ገበሬዎች አሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። ዓሣው በመጣ ቁጥር ታዲያ ወሬውም አብሮ ይመጣል፦ የኩሬ ዓሣ ሜርኩሪ አለው፣ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) አለው፣ ካንሰር ያመጣል፣ ነፍሰ ጡር እንዳትነካው። ወሬው እንዲሁ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ከባድ ብረቶች የሚባሉት ሜርኩሪ፣ ሊድ፣ ካድሚየምና አርሴኒክ ዓሣ ውስጥ መግባታቸው እውነት ነው፣ መጉዳታቸውም እውነት ነው። ግን የምንፈራው ሌላ፣ አደጋው ያለው ሌላ ጋ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው፤ ምክንያቱም እናት ለልጇ የሚጠቅመውን ምግብ እየከለከለች፣ የሚጎዳውን እዚያው ማድቤት ውስጥ ሳታየው ታልፋለች።

«የኩሬ ዓሣ መርዝ ነው፣ የሐይቅ ግን ንጹህ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚወራው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ዓሣ ከባድ ብረት የሚያገኘው ከውኃው፣ ከሥር ካለው ደለልና ከሚበላው ነገር ነው። ሐይቅ ሆነ ኩሬ ለውጥ የለውም፤ ዋናው ጥያቄ ወደ ውኃው ምን ይገባል የሚለው ነው። ቆቃን ውሰዱ። የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ይገባበታል፣ የአዲስ አበባን ቆሻሻ የተሸከመው አቃቂም በአዋሽ በኩል እዚያው ይደርሳል። ቆዳ የሚለፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በክሮሚየም ነው፣ እሱም ከባድ ብረት ነው። የቆቃ ዓሣ አይበላም እያልኩ አይደለም፤ «የሐይቅ ስለሆነ ንጹህ ነው» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ነው የምለው። ከንጹህ ምንጭ የተሞላ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ የሚበላበት፣ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለ የቀወት ኩሬ ከዚያ በብዙ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ምን እንደሚገባበት በዓይኑ ያያላ!

ሌላው ትልቅ ነገር የዓሣው ዓይነትና ዕድሜ ነው። ሜርኩሪ ከትንሹ ወደ ትልቁ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ትንሹን ዓሣ ትልቁ ይበላዋል፣ ትንሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ ትልቁ ውስጥ ይቀራል፣ እንዲህ እያለ ዓሣ በልቶ ብዙ ዓመት የኖረው ዓሣ ጋ ሲደርስ መጠኑ ከፍ ይላል። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ያው አንድ ሐይቅ ሆኖ፣ ሌላ ዓሣ የሚበላው ትልልቁ ቢልጫ ከቆሮሶ በጣም የበለጠ ሜርኩሪ ተገኝቶበታል። ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ በአብዛኛው የሚበላው ውኃ ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ነው። ኩሬ ውስጥ ደግሞ ሙቀት ካገኘ በስድስት፣ በስምንት ወሩ ለገበያ ይደርሳል። ብዙ ሜርኩሪ የሚያጠራቅምበት ዕድሜ የለውም። የደብረ ብርሃን ብርድ ለቆሮሶ አይሆንም እንጂ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ይስማማዋል።

«ውኃው ጥርት ያለ ነው፣ ምን ይሆናል?»

ሊድም ሜርኩሪም በሚጎዱበት መጠን ውኃ ውስጥ ሆነው አይታዩም፣ አይሸቱም፣ አይቀመሱም። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ለዓመታት ወደ ባሕር ሲለቅ ሰዉ እንደወትሮው ዓሣውን ይበላ ነበር። በሽታው በይፋ የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ በ1956 ነው። ከዚያ በፊት ግን የሰፈሩ ድመቶች እየተንቀጠቀጡና እየተሽከረከሩ ይወድቁ ነበር፤ እነሱም የሚበሉት ያንኑ ዓሣ ነበር። በኋላ እናትየው ደህና መስላ የወለደቻቸው ሕፃናት አንጎላቸው ተጎድቶ ተገኙ። ደብረ ብርሃን በየጊዜው ፋብሪካ እየጨመረች ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ ከከተማና ከፋብሪካ በታች ካለ ወንዝ ኩሬ ለመሙላት የሚያስብ ሰው በመልኩ አይፍረድ፣ ውኃውን መጀመሪያ ላቦራቶሪ ያስመርምር።

በተቃራኒው ደግሞ የደፈረሰ ኩሬ የግድ መርዛም አይደለም። አረንጓዴ የሆነ የቆሮሶ ኩሬ ብዙ ጊዜ ምግብ የሞላው ኩሬ ነው።

«ሎሚ አሽቶ፣ በደንብ ጠብሶ መብላት ነው»

ሎሚ ሽታውን ይቀንሳል፣ እሳት ጀርሙን ይገድላል። ብረትን ግን እሳት አይገድለውም። ሜርኩሪ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ ቆዳውን መግፈፍም ስቡን ማውጣትም አይቀንሰውም። እንዲያውም ዓሣ ሲጠበስ ውኃው ስለሚወጣ፣ በቀረው ሥጋ ላይ መጠኑ በግራም ሲሰላ ከፍ ሊል ይችላል። ሊድና ካድሚየም ላይ ግን የምናደርገው ነገር አለ። እነዚህ ከሥጋው ይልቅ ጉበቱ፣ ኩላሊቱ፣ ስንጥቡና አጥንቱ ላይ ይበዛሉ። ሆድ ዕቃውን በደንብ አውጥቶ መጣል ይጠቅማል። ከጭንቅላቱ ሾርባ የምትሠሩም መተንፈሻውን፣ ያንን ቀዩን ስንጥብ፣ አውጡት።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም፣ ከአሮጌ የመኪና ዕቃና ከመሳሰለው ቀልጦ የሚሠራ ድስት አለ። ካሜሩንን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ተመርምሮ ሊድ ወደ ምግብ እንደሚለቅ ታይቷል፣ በተለይ ኮምጣጣ ነገር ሲበስልበት። እንግዲህ አስቡት። ንጹህ ዓሣ ገዝተን፣ ሎሚ አሽተን፣ በቲማቲም ጉላሽ እንዲህ ባለው ድስት ላይ እናንተከትከዋለን። ሊዱ የመጣው ከድስቱ ነው፣ የሚከሰሰው ግን ዓሣው ነው። ካላችሁ በብረት ምጣድ፣ በማይዝግ ብረት ድስት ወይም በሸክላ ድስት ሥሩት።

«ወተት ይጠርገዋል»

ይህን ጋራዥ የሚሠሩ ልጆችም ያምኑበታል። ሊድ ያለበትን የመኪና ባትሪ ሲፈቱ ይውሉና ማታ ወተት ይጠጣሉ። ወተት ገንቢ ምግብ ነው፣ ካልሲየም በደንብ ያገኘ ሰውነት ሊድን በመጠኑ ቀንሶ ነው ከአንጀት የሚቀበለው። የገባውን ግን አያወጣም። ማርም፣ አረቄም አያወጡም። ከዓሣ የሚገኘው ሜርኩሪ መብላቱ ከቆመ 50 ቀን ገደማ ቆይቶ ግማሹ ከደም ይወጣል። ሊድ ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፣ ካድሚየምም ኩላሊት ውስጥ እንደዚያው። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከሚውጡት ሊድ እስከ ግማሹን ሰውነታቸው ይወስደዋል፤ አዋቂ የሚወስደው አንድ አሥረኛውን ገደማ ነው። ባትሪ ሲፈታ የዋለበትን ልብስ እንደለበሰ ቤት ገብቶ ልጅ ማቀፍ ከኩሬ ዓሣ በላይ ያስፈራኛል።

«ነፍሰ ጡር ዓሣ አትብላ»

ይህ ወሬ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። ምክሩ ከውጭ ሲመጣ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። ነፍሰ ጡሮች እንዲርቋቸው የሚመከሩት ሻርክን የመሳሰሉ ትልልቅ አዳኝ የባሕር ዓሦች ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፍሰ ጡሮች ሜርኩሪው ዝቅተኛ የሆነ ዓሣ በሳምንት ከ230 እስከ 340 ግራም እንዲበሉ ነው የሚመክረው፤ ቲላፒያና አምባዛም ምርጥ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ናቸው። ሥጋና እንቁላል እንደልብ በማይገኝበት ቤት ለነፍሰ ጡር ዓሣ ከልክሎ ሽሮ ብቻ ማብላት ጥንቃቄ አይደለም። ከታወቀ ኩሬ የወጣ፣ በደንብ የበሰለ ቆሮሶ ትብላ።

«የዶሮ ኩስ የገባበት ኩሬ ነው፣ አይበላም»

ኩስ ወይም ፍግ ኩሬ ውስጥ የሚገባው ለዓሣው ምግብ የሚሆነውን አረንጓዴ ለማብቀል ነው፣ የቆየ አሠራር ነው። ዋናው ስጋት ጀርም ነው፣ እሱን ደግሞ ንጹህ አያያዝና ማብሰል ይፈቱታል። ለብረት የምንሰጋ ከሆነ ማየት ያለብን ዳርቻውን ነው። ኩሬው ከጋራዥ በታች ነው? አስፋልቱን ያጠበ ጎርፍ ይገባበታል? ሽንኩርትና ማሾ ላይ ፀረ ተባይ የተረጨበት መርጫ እዚያ ይታጠባል? የሞተ የሶላር ባትሪ ዳር ላይ ተጥሏል? ክረምት ከመግባቱ በፊት ከላይ በኩል ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ መቆፈር የሁለት ሰው ሥራ ነው። አሮጌውን ባትሪ ደግሞ ሳይሰበር ለሚሰበስቡት ማስረከብ ነው፤ እዚያው ሰብሮ ሊዱን ማቅለጥ ኩሬውንም፣ ጓሮውንም፣ ልጆቹንም ይበክላል።