የ200 ሰዓት የዮጋ መምህርነት ሰርተፍኬት ምንድን ነው?

ዮጋ ላስተምር ብሎ የሚነሳ ሰው ገና መጠየቅ ሲጀምር የሚያጋጥመው ቁጥር 200 ነው። «200 ሰዓቱን ጨርሰሻል?» ይባላል። ቁጥሩ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ሳያጣሩ ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች ስላሉ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

200 ሰዓት ማለት የመጀመሪያው ደረጃ የመምህርነት ሥልጠና ነው። ይህን መለኪያ በሰፊው ያስለመደው ዮጋ አሊያንስ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ብዙ ሰው «ዮጋ አሊያንስ ሰርተፍኬት ሰጠኝ» ይላል፤ እንደዚያ አይደለም። ሰርተፍኬቱን የሚሰጥህ የተማርክበት ትምህርት ቤት ነው። ዮጋ አሊያንስ የሚያደርገው መስፈርቱን ያሟላ ትምህርት ቤት መመዝገብ ነው፤ ከዚያ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው ደግሞ ከፈለገ ከፍሎ ይመዘገብና አር ዋይ ቲ 200 (የ200 ሰዓት የተመዘገበ የዮጋ መምህር) የሚለውን ማዕረግ ከስሙ ጎን ይጽፋል። መዝገብ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። በአብዛኛው ዓለም ዮጋ ለማስተማር ልክ እንደ ሐኪም ወይም እንደ ነርስ የመንግሥት የሙያ ፈቃድ አይጠየቅም።

ታዲያ ለምን ይፈለጋል? ምክንያቱም ስቱዲዮዎችና ጂሞች ሲቀጥሩ፣ ኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ዋስትና ሲሰጡ ብዙ ጊዜ እሱን ስለሚጠይቁ። በር ይከፍታል። ከበሩ ወዲያ ያለው ግን የአንተ ሥራ ነው።

በዮጋ አሊያንስ መስፈርት ሰዓቶቹ በአራት ይከፈላሉ። ለአሳና (ለሰውነት አቋሞች)፣ ለአተነፋፈስና ለሜዲቴሽን 75 ሰዓት፣ ለሰውነት አሠራር 30፣ ለታሪክና ለፍልስፍና 30፣ ለማስተማር ዘዴና ለሙያ ሥነ ምግባር 50። ይህ 185 ነው፤ ቀሪውን ትምህርት ቤቱ እንደሚመቸው ይሞላዋል። እኔ ሥልጠና ለሚመርጥ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ስለ ቦታው ውበት አትጠይቅ፣ ሰው ፊት ቆሜ የማስተምረው ስንት ሰዓት ነው ብለህ ጠይቅ። ስታስተምር ቁጭ ብሎ አይቶ የሚያርምህ ሰው አለ ወይ? በኦንላይን ከሆነም ጥያቄው ያው ነው። ለአንድ ወር ሌት ተቀን የሚሰጠው ሥልጠና ለአንዳንዱ ይሆናል፤ ሥራ ላለው ሰው ግን በወራት ተከፋፍሎ የሚሰጠው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የተማርከውን በመሀል ጓደኞችህ ላይ እየሞከርክ ስህተትህን ይዘህ ትመለሳለህ።

ራስህ ጎበዝ ዮጋ ሠሪ መሆንና ማስተማር እኮ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ፊትህን ወደ ተማሪዎቹ አዙረህ ስትቆም «ቀኝ እጃችሁን አንሱ» እያልክ የራስህን ግራ እጅ ነው የምታነሳው፣ እንደ መስታወት እንዲከተሉህ። ቀላል ይመስላል፤ ሞክረው። እያወራህ፣ እያሳየህ፣ ትንፋሽ እየቆጠርክ ሳለ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የአንዷ የፊት ጉልበት ወደ ውስጥ ሲወድቅ ታያለህ። «አስተካክይው» ብትላት ምኑን እንደምታስተካክል አታውቅም። «ጉልበትሽን ወደ ትንሿ የእግር ጣትሽ አቅጣጫ ግፊው» ስትላት ወዲያው ይገባታል። እንደዚህ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ነው ያ ሁሉ የአናቶሚ ትምህርት። ነፍሰ ጡር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ክፍል ውስጥ ካለ በየትኛው አቋም ፋንታ ምን እንደምትሰጠው አስቀድመህ ማወቅ አለብህ። ሰው ሳትጠይቅ ደግሞ አትንካ።

ከ200 በኋላ የ500 ሰዓት ደረጃ አለ። ለነፍሰ ጡሮች የ85 ሰዓት፣ ለልጆች የ95 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠናም አለ። ዮጋ አሊያንስ ዘንድ ልምድ ያለው መምህር ተብሎ ለመመዝገብ ቢያንስ ሁለት ዓመትና 1,000 ሰዓት ማስተማር ይጠበቅብሃል። ስለዚህ ተመርቀህ በማግስቱ ሌላ ሥልጠና ለመክፈል አትሩጥ፤ መጀመሪያ አስተምር።

ወደ ቢዝነሱ ስንመጣ፣ ብዙዎች የሚከስሩት ስቱዲዮ በመከራየት ሲጀምሩ ነው። ኪራዩ ተማሪ መጣ አልመጣ ይቆጥራል። ከዚያ ይልቅ ቀድሞ ሥራ የጀመረ የሌላ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ወይም የዳንስ አዳራሽ ውስጥ በሰዓት ተከራይ። ሒሳቡን ቀድመህ ሥራው፦ የአንድ ሰዓት ኪራይ የአራት ሰው ክፍያ ከሆነ፣ የአንተ ገንዘብ የሚጀምረው ከአምስተኛው ሰው ነው። ስቱዲዮ ተቀጥረህ ከሆነም ክፍያው በክፍለ ጊዜ ነው ወይስ በሰው ቁጥር የሚለውን በጽሑፍ ያዝ። ተማሪ ቢጎዳ የሚሸፍንህን ኢንሹራንስ ግባ፤ መጀመሪያ ቀን ላይ የጤና ሁኔታቸውን የሚሞሉበት ቅጽ ስጣቸው። ወገብ አድናለሁ፣ ድብርት አጠፋለሁ ብለህ አታስተዋውቅ። ይህ ሰው ላይ መጫወት ነው።

«የሌላ መምህር የአቋሞች ቅደም ተከተል ብጠቀም እከሰሳለሁ?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ቢክራም ቹድሪ የተባለ ታዋቂ የዮጋ መምህር 26 አቋሞችና ሁለት የትንፋሽ ልምምዶች ያሉበትን ቅደም ተከተል የኔ ነው ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቅደም ተከተሉ በቅጂ መብት አይጠበቅም ብሎ ወሰነ። የንግድ ስም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ የሰው ስም ወስደህ አትለጥፍ።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ተማሪዎች ስታገኝ ክፍሉ እንዳለቀ ምንጣፋቸውን ሲጠቀልሉ ጠጋ በልና «የቱ ጋ ነው ያልገባችሁ?» በል። «ጥሩ ነበር» ብለው ሊያልፉህ ይፈልጋሉ፣ ደግመህ ጠይቅ። አንዷ «ያቺ መጠምዘዟ ላይ ጠፋሁ» ትልሃለች። ቤትህ ገብተህ ያንን አባባልህን ቀይረህ ጻፈው፣ በሚቀጥለው ክፍል ሞክረው።